ለመርዳት የሮጠውም እንዳይቀበር፦ የበረዶ ናዳ ሥልጠና ምን ያድናል?

በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ ስፓርዉድ የምትባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2008፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከዚህች ከተማ የተነሡ 11 ወንዶች ፈርኒ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኝ ሃርቪ ፓስ ወደተባለ ተራራማ ስፍራ በበረዶ ሞተር ወጡ። በሁለት ቡድን ሆነው ሳሉ በሰባቱ ላይ የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። በቅርብ የነበሩት አራቱ ጓደኞቻቸውን ለማውጣት ደርሰው መቆፈር ጀመሩ። በዚያ መካከል ሁለተኛ ናዳ ወረደና አዳኞቹንም አብሮ ቀበራቸው። ከ11ዱ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ቁልቁለቱ ገና መናዱን ያልጨረሰ ስለነበር፣ ጓደኞቻቸውን በበረዶው ሥር ትተው በእግራቸው ለመሄድ ተገደዱ።

ሰዎቹ ለተራራው እንግዳ አልነበሩም። ለመርዳት የሮጡትም የፈጸሙት ማንኛውም ደግ ሰው የሚፈጽመውን ነው። አደጋው እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ድፍረትና ወዳጅነት ብቻቸውን ሰው እንደማያድኑ፣ እንዲያውም ዕውቀት ካልመራቸው ተጨማሪ ሞት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ በግልጽ አሳይቷል። በዚያ የብርድ ወቅት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 19 የበረዶ ሞተር ነጂዎች በናዳ ሞቱ። የክፍለ ግዛቱ የአሟሟት መርማሪ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ጉባኤም የእያንዳንዱን ሞት መንስኤ ከመረመረ በኋላ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ መሣሪያና ስለ ሕዝብ መረጃ ምክረ ሐሳቦችን አቅርቧል።

ተራራውን ያቀረበ ሞተር

ኢትዮጵያዊ ገበሬ “በረዶ” ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ሰብል የሚያረግፈውን ጠጣሩን በረዶ ነው። በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚወርደው ግን እንደ ባዘቶ የሚበን፣ ለወራት እየተደራረበ ከሰው ቁመት በላይ የሚከመር ነው። በዚህ ላይ ለመጓዝ የሚያገለግለው ሞተር ስኖውሞቢል ይባላል። ከፊት እንደ መንሸራተቻ ያሉ ሁለት እግሮች፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ትራክተር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ ጎማ አለው። የካናዳው የፈጠራ ሰው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 ስኪዱ የተባለውን ቀላል ሞተር ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ይህ መሣሪያ ለሥራም ለመዝናኛም እየተስፋፋ መጥቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች አቅማቸው ውስን ስለነበር ሜዳውንና የደን መንገዱን አያልፉም ነበር። የዛሬዎቹ የተራራ ሞተሮች ግን ጉልበታቸው ብርቱ፣ ሰንሰለታቸው ረጅም፣ ጥርሳቸውም ጥልቅ ነው። በእግሩ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን አንድ ወይም ሁለት ቁልቁለት ቢሻገር፣ ባለ ሞተሩ በዚያው ቀን በርካታ ቁልቁለቶችን ያቋርጣል። ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜም በዚያው ልክ ይበዛል። በነጂዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ጨዋታ ደግሞ አለ፦ በቀጥታ ወደ ገደላማው ሽቅብ እየነዱ፣ ሞተሩ ከሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ዞሮ መመለስና ከሌላው የበለጠ ከፍታ ላይ ምልክት መተው። ይህ ጨዋታ ከባድ ሞተርንና ሰውን የበረዶው ክምር እጅግ ሊሰበር በሚችልበት ቦታ ላይ ያሳርፋል።

ናዳው እንዴት ይነሣል?

የተራራ በረዶ አንድ ወጥ አካል አይደለም። እያንዳንዱ ውርጅብኝ፣ ነፋስና የፀሐይ ሙቀት የየራሱን ንብብር ይተዋል። አንዳንዱ ንብብር ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ስኳር የላላና እርስ በእርሱ የማይያያዝ ነው። የላላው ከታች፣ ጠንካራውና ከባዱ ከላይ ሲሆን፣ በፈሰሰ እህል ላይ ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ እንደማሳረፍ ይሆናል። ንጣፉ ለቀናት ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል። አንድ ሰው ወይም አንድ ሞተር በደካማው ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን ከታች ያለው ንብብር ይደረመሳል፤ ስንጥቁ በቅጽበት ይሰፋል፤ ንጣፉም በሙሉ ተሰባብሮ ይወርዳል።

እንዲህ ያለው ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ ያነሰው በአብዛኛው በረዶውን ይዞ ያስቀራል፤ ከዚያ የበለጠው ደግሞ ብዙ ሳይከማች እያራገፈው ይሄዳል። ነጂዎች የሚወዱት ቁልቁለት በትክክል በዚህ መካከል የሚገኘው መሆኑ የችግሩ ሥር ነው።

በዘርፉ ከሚታወቁት እውነቶች ሁሉ ለሥልጠና መሠረት የሆነው ግን ይህ ነው፦ ናዳ ከያዛቸው አሥር ሰዎች መካከል የዘጠኙ ያህል ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም ከቡድናቸው አንዱ ነው። በብዙዎች ዘንድ እንደሚታመነው የሞተር ድምፅ ናዳ አያስነሣም፤ ናዳውን የሚያስነሣው ክብደት ነው። ድምፁ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። በረዶው ከውስጥ ሲደረመስ የሚያሰማውን “ዉምፍ” የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ ለባለ ሞተሩ ጆሮ እንዳይደርስ ይሸፍነዋል። እንግዲህ አደጋው ከሰማይ የሚወርድ ዕጣ ፈንታ ብቻ አይደለም፤ በሰው ውሳኔ የሚነሣና በሰው ውሳኔ ሊቀር የሚችል ነው።

ሥልጠናው ምን ያስተምራል?

በካናዳ ይህን ሥራ የሚመራው ማዕከሉን ሬቨልስቶክ በተባለች የተራራ ከተማ ያደረገ አቫላንሽ ካናዳ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የብርድ ወራት በአገሪቱ 29 ሰዎች በበረዶ ናዳ ሞተው ነበር፤ ከእነዚህም ሰባቱ በትምህርት ጉዞ ላይ የነበሩ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ድርጅቱ ለተራራማ አካባቢዎች የሥጋት ትንበያ ያወጣል፤ የሥልጠናውንም ይዘት ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ደረጃ በአብዛኛው ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ክፍል በትምህርት ቤት፣ ሌላው በተራራ ላይ ይሰጣል። ለበረዶ ሞተር ነጂዎች የተለየ ትምህርትም አለ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል ከቤት ሳይወጡ የሚፈጸም ነው። ሰልጣኙ የዕለቱን ትንበያ ማንበብ ይማራል። የሥጋቱ መለኪያ ከዝቅተኛ እስከ እጅግ ከፍተኛ አምስት ደረጃዎች አሉት። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን አምስተኛው ደረጃ በታወጀበት ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ብዙዎች ከቤት አይወጡምና። ሰው በብዛት የሚሞተው በመካከለኛው፣ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አዲስ ሆኖ፣ ተራራው ሰላማዊ መስሎ በሚታይበት ቀን።

ሁለተኛው ክፍል መሬቱን ማንበብ ነው። የቁልቁለቱን ዝንባሌ መለካት፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ክምር ማየት፣ ናዳ ቢወርድ የት ድረስ እንደሚደርስና ሰውን ወደ ገደል ወይስ ወደ ዛፍ እንደሚገፋ አስቀድሞ ማሰብን ያካትታል።

ሦስተኛው ክፍል የቡድን ሥርዓት ነው። ሕጎቹ ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ግን በሰው ሞት የተገዙ ናቸው። በአንድ ቁልቁለት ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይውጣ። ሌሎቹ ናዳው ከማይደርስበት ቦታ ሆነው በዐይናቸው ይከተሉት እንጂ ከሥሩ ተሰብስበው አይቁሙ። የአንዱ ሞተር በገደሉ ላይ ቢያዝ፣ ሌላው ሊረዳው አይውጣ፤ ባለቤቱ ራሱ ያላቅቀው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ለወዳጅነት ባዕድ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሁለተኛው ሞተር የሚጨምረው ክብደት ናዳውን ሊያስነሣ ይችላል፤ ናዳው ከወረደም የሚቀበረው አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ይሆናል፤ የሚቆፍረውም በአንድ ይቀንሳል።

ይህ ሥርዓት ሲጣስ ምን እንደሚከተል ራሷ የሬቨልስቶክ ከተማ አይታለች። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2010 በከተማዋ አቅራቢያ ባለው ቦልደር ተራራ 200 ያህል ሰዎች የሞተር ነጂዎችን ውድድር ለማየት ከቁልቁለቱ ሥር ተሰብስበው ነበር። የናዳ ሥጋቱ ከባድ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯል። ነጂዎቹ ሽቅብ ሲወጡ ትልቅ ናዳ ተነሥቶ በተመልካቾቹ ላይ ወረደ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ 30 ያህል ቆሰሉ። ሟቾቹ በዚህ ቁጥር መወሰናቸው፣ በስፍራው ብዙ የሚቆፍር እጅና መሣሪያ በመኖሩ ጭምር የተገኘ ዕድል ነው።

የደቂቃዎች ሒሳብ

አራተኛው ክፍል ፍለጋና ቁፋሮ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ርኅራኄ የለውም። ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት ሰዎች፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የወጡት በአብዛኛው ይተርፋሉ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን የሚተርፈው ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ሟቹን በአብዛኛው የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የአየር እጦት ነው። በካናዳ ከሟቾቹ አራት አንዱ ያህል ደግሞ ከዛፍና ከድንጋይ ጋር በመጋጨት በሚደርስ ጉዳት ይሞታል።

ሄሊኮፕተርና የነፍስ አድን ቡድን በአብዛኛው በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ አይደርሱም። ስለዚህ የተቀበረውን ሰው የሚያድነው አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ነው፤ ወይም ማንም አያድነውም። ሦስቱ መሣሪያዎች የግድ የሚሆኑትም ለዚህ ነው፦ በሰውነት ላይ ታጥቀው የሚይዙት የሬዲዮ ምልክት አስተላላፊና ተቀባይ፣ በረዶውን የሚወጉበት ተጣጣፊ ረጅም ዘንግ፣ እንዲሁም አካፋ። አስተላላፊው በሞተሩ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም፤ ናዳው ሰውንና ሞተርን ይለያያልና። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ሰው ለማውጣት ከአንድ ቶን በላይ በረዶ ማንሣት ያስፈልጋል። የናዳ በረዶ ደግሞ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ይህንን በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት የሚቻለው እጅና አእምሮ ቀድመው ከለመዱት ብቻ ነው። መሣሪያውን ገዝቶ ያልሰለጠነ ሰው፣ በጭንቅ ሰዓት የመሣሪያውን ቁልፍ ሲፈልግ ደቂቃዎቹ ያልቃሉ።

ከሁሉ በፊት የሚደረገው ግን ቆም ብሎ ሽቅብ ማየት ነው። ከላይ ያልወረደ ክምር አለን? ሁሉም ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ለጥበቃ ሊቆም ይችላልን? ማምለጫው በየት በኩል ነው? ይህ የጥቂት ሰከንዶች ጥያቄ የሃርቪ ፓስን ዓይነት ሞት የሚከላከል ነው።

የሥልጠናው ወሰን

ሥልጠና ሁሉን ይፈታል ማለት ግን እውነት አይሆንም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢያን ማካመን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2003 በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምረው ነበር። የደረሱበት መደምደሚያ የሚያሳስብ ነው። ብዙዎቹ ሰዎች የአደጋው ምልክት ፊት ለፊታቸው እያለ ገብተውበታል፤ ከእነርሱም መካከል የሰለጠኑ ነበሩበት። ቦታውን ማወቅ፣ የጓደኛን አድናቆት መሻት፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አለመመለስ፣ ሌላው ከመቅደሙ በፊት ለመድረስ መቸኮል፣ “መሪያችን ያውቃል” ብሎ ዝም ማለት፤ እነዚህ ሁሉ ዕውቀትን ያሸንፋሉ። “እዚህ መቶ ጊዜ አልፌአለሁ፤ ምንም አልሆንኩም” የሚለው ሐሳብ በተለይ አደገኛ ነው። ተራራው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈበት አይቆጥርም።

ከዚህ በኋላ ሥልጠናው ራሱን ማረም ነበረበት። ዛሬ ስለ በረዶ ንብብር ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ልብም ይሰጣል። ከቡድኑ ውስጥ ታናሹም ቢሆን “እንመለስ” የማለት መብት እንዲኖረው፣ ውሳኔውም ያለ ክርክር እንዲከበር ያስተምራል። በአሜሪካ ወደ በረዷማ ተራሮች የሚወጣው ሰው ካለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ የሟቾቹ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። ለዚህ ሥልጠናው፣ ትንበያውና የተሻሻለው መሣሪያ ምን ምን ያህል እንዳበረከቱ ነጥሎ ማስላት ባይቻልም፣ ሦስቱ ተደጋግፈው የሚሠሩ መሆናቸው አያከራክርም።

ከበረዶው ተራራ እስከ ጎፋ ኮረብታ

በኢትዮጵያ በራስ ደጀን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢታይም፣ የበረዶ ናዳ የሚያሰጋው ገበሬ የለም። የአፈር ናዳ ግን አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው ከሃርቪ ፓስ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ፤ በዶማ፣ በአካፋና በእጁ መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንዲሁም የቀበሌው አስተዳዳሪ ከእነርሱ መካከል እንደሚገኙ በወቅቱ ተነግሯል። በዚያው ክረምት በሰሜን ጎንደር ዞን ጠለምት ወረዳም የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ በርካታ ቤተሰቦችንም አፈናቅሏል።

ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የበረዶ ሞተር ነጂው ወደ ተራራው የሚሄደው ፈልጎ ነው፤ ቢፈልግ ይቀራል። የኮረብታው ገበሬ ግን ቤቱም፣ እርሻውም፣ የአባቶቹ መቃብርም እዚያው ነው። ስለዚህ ሥልጠና ብቻውን ለገበሬው መልስ ሊሆን አይችልም። አደገኛውን ቁልቁለት ለይቶ ማወቅ፣ ነዋሪውን ወደ ተሻለ ቦታ ማስፈር፣ የተራቆተውን ተዳፋት በዛፍና በእርከን መጠበቅና የጎርፍ መውረጃ ማበጀት የመንግሥትና የማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ ሆነው ይቀጥላሉ።

ሆኖም ሥልጠናው የሚሸከመው የራሱ ድርሻ አለ። መሬት ሳይናድ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፤ ዛፍና ምሰሶ ያዘነብላል፤ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ቦታ ውኃ ይፈልቃል፤ የቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ በር አልዘጋ ይላል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ዝናቡ በበረታ ሌሊት ልጆቹን ይዞ ከቁልቁለቱ ይርቃል። ናዳው ከወረደ በኋላ ደግሞ ከካናዳው ተራራ የተገኘው ሕግ ያለ ምንም መሣሪያ በየቀበሌው ሊሠራ ይችላል፦ አንድ ሰው ከፍ ካለና ከናዳው መንገድ ውጭ ከሆነ ቦታ ሆኖ ሽቅብ ይጠብቅ፤ ምልክት ሲያይ የሚያሰማው ጩኸት አስቀድሞ ይታወቅ፤ የሚቆፍሩት ጥቂትና በየተራ ይሁኑ፤ ሌላው ሕዝብ ከሥሩ አይሰብሰብ፤ ዝናቡ ካላቆመ፣ ስንጥቁም እየሰፋ ከሆነ፣ ልብ እየደማም ቢሆን ይቆየ።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለማዳረስ አዲስ ተቋም መገንባት ግድ አይደለም። ገበሬው ከግብርና ባለሙያው ጋር በየጊዜው ይገናኛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ ትደርሳለች፤ ዕድሩ ለቀብር የሚሰበሰበው ሰው ሳይሞት በፊትም ሊሰበሰብ ይችላል። ከክረምቱ በፊት፣ በሰኔ መባቻ፣ ግማሽ ቀን ወስዶ ተዳፋቱን በጋራ ማየትና ማን ምን እንደሚሠራ መነጋገር በቂ ጅማሬ ነው። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ብሂል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ለተጠቃ ጎረቤት መድረስ የዚህ ሕዝብ ጌጥ ነው፤ ማንም ይህንን ተው ሊለው አይችልም፤ ሊለውም አይገባም። የሃርቪ ፓሶቹ አራት ሰዎችም፣ የኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ጎረቤቶችም ለማዳን የሮጡት ሰው በመሆናቸው ነው። ሥልጠና የሚያደርገው የሚሮጠውን እግር ማሰር ሳይሆን፣ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ተራራውን እንዲያይ ማስለመድ ነው። በዚያች አንዲት ቅጽበት የሚተርፈው አዳኙ ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ሥር ሆኖ እርዳታ የሚጠብቀውም የሚያወጣው ሰው የሚያገኘው አዳኙ በሕይወት ከቆየ ነው።